የክሮሞዞም ርዝመት ሌላ፣ የዲኤንኤ መጠን ሌላ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሁለት አገር በቀል ባቄላዎችን የሥር ጫፍ ስኳሽ አድርጌ (ስላይድ ላይ ጨፍልቄ) ክሮሞዞማቸውን ለካሁ። አንዱ ፍሬው ትልልቅ ነው፣ ሌላው ደቃቅ። የትልቅ ፍሬው ክሮሞዞም በአማካይ 15 በመቶ ያህል ይረዝማል። እሱን ነው መጀመሪያ ያዘጋጀሁት፣ ሥሩን ፍሪጅ ውስጥ በበረዶ ውሃ አሳድሬ። ሁለተኛውን ስሠራ ግን ኮልቺሲን የሚባለውን ኬሚካል አግኝቼ ስለነበር በሱ ተጠቀምኩ። ትልቅ ፍሬው ዲኤንኤው ይበዛል ብዬ መጻፍ እችላለሁ? አማካሪዬ ደግሞ ከጤፍ ጋር አወዳድሪ ብለውኛል። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አላት፣ ባቄላ 12 ብቻ። ታዲያ የጤፍ ጂኖም መብለጥ የለበትም ወይ?»

አትጻፊው። መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። አንዱን በበረዶ ውሃ፣ ሌላውን በኮልቺሲን አዘጋጅተሽ ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባሻቸው። ልዩነቱ የባቄላዎቹ ሊሆን ይችላል፣ የአዘገጃጀቱም ሊሆን ይችላል፤ በእጅሽ ባለው ቁጥር ይህን ከዚያ መለየት አትችዪም። እንወራረድ ካልሽኝ እኔ በአዘገጃጀቱ ላይ እወራረዳለሁ።

ክሮሞዞም ቋሚ ርዝመት ያለው ነገር አይደለም። ሴል ለመከፈል ሲነሳ ክሮሞዞሙ ረጅምና ቀጭን ነው። ከመጀመሪያው የክፍፍል ደረጃ ከፕሮፌዝ፣ በፕሮሜታፌዝ በኩል፣ ወደ ሜታፌዝ ሲያልፍ እየተጠቀለለ ያጥራል፣ ይወፍራል። ያንኑ ክሮሞዞም ፕሮሜታፌዝ ላይ ብትለኪውና ሜታፌዝ መጨረሻ ላይ ብትለኪው በጣም የተራራቀ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ዲኤንኤው ግን ቅንጣት አልተለወጠም። ፈትል ላላ አድርገሽ ብትጠቀልዪው ልቃቂቱ ይተልቃል፣ ብታጠብቂው ያንሳል፤ ክሩ ያው ነው። አንቺ በማይክሮሜትር የለካሽው ልቃቂቱን ነው።

ኮልቺሲን እዚህ ላይ የሚያመጣውን ነገር ብዙ ተማሪ አያስተውለውም። ሴሉ ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትትባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይሠሩ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሴሉ ሜታፌዝ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ክሮሞዞሞቹ ግን መጠቅለላቸውን አያቆሙም። ሁለት ሰዓት የቆየ ሥርና አምስት ሰዓት የቆየ ሥር አንድ አይደሉም፤ በቆየ ቁጥር ክሮሞዞሙ እያጠረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ድቡልቡል ብሎ ሴንትሮሜሩ፣ ማለትም ሁለቱ ክንዶቹ የሚገናኙበት ቦታ፣ እንኳ የት እንደሆነ ይጠፋል። የበረዶ ውሃም የሚያፈርሰው ያንኑ ቱቦ ነው፣ ግን በቅዝቃዜ ውስጥ የሴሉ ሥራ ሁሉ ዘገምተኛ ስለሆነ የመጠቅለሉ ደረጃ ሌላ ይሆናል። በኮልቺሲን የሠራሽው ባቄላ አጥሮ መገኘቱ እኔን ምንም አይገርመኝም። በዚህ ላይ የአሲዱ ቆይታ አለ፣ ስላይዱን በአውራ ጣት የጫንሽበት ጉልበት አለ፣ ቀለሙ አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

አዲስ ስላይድ ሳትሠሪ፣ ባሉሽ ፎቶዎች ዛሬውኑ ልታደርጊው የምትችዪው ነገር አለ። የክሮሞዞሞቹን ውፍረት ለኪ። አጭሮቹ ወፍረው፣ ረጅሞቹ ቀጥነው ከተገኙ ነገሩ የመጠቅለል ጉዳይ ነው፣ አለቀ። ረጅሞቹ እኩል ወፍራም ወይም ይበልጥ ወፍራም ከሆኑ ግን ሊፈተሽ የሚገባው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ማንም አይነግርሽም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ርዝመት ብቻ ይለካል። ርዝመት ብቻውን መጠን አይደለም። ክሮሞዞም ሲሊንደር ነገር ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ርዝመቱ ሲባዛ በውፍረቱ ካሬ ነው። ርዝመቱ አምስት እጥፍ፣ ውፍረቱ ሦስት ተኩል እጥፍ የሆነ ክሮሞዞም በይዘት ስድሳ እጥፍ ይበልጣል።

ስድሳውን እንዲሁ ከሜዳ አላመጣሁትም። ወደ ጤፍ ጥያቄሽ ልሂድ።

የክሮሞዞም ቁጥር ስለ ጂኖም መጠን፣ ማለትም ስለ ጠቅላላ ዲኤንኤው፣ ምንም አይነግርሽም። ጤፍ 40 ክሮሞዞም ስላላት ትበልጣለች ማለት፣ አሥር ብር በሳንቲም የያዘ ሰው መቶ ብር ኖት ከያዘው ይበልጣል እንደማለት ነው ብዬ ልቀልድብሽ ነበር፣ ግን ቁጥሩ ራሱ ይበቃል። የባቄላ አንድ ሙሉ ሴል ኒውክሊየስ 27 ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ገደማ ዲኤንኤ አለው። በመለኪያነት የሚያገለግለው ኢኖቬክ የሚባለው የባቄላ ዓይነት 26.90 ነው የሚባለው። የጤፍ ኒውክሊየስ 1.5 ፒኮግራም ገደማ ነው። አሁን አካፍዪው። ባቄላ 27ን ለ12 ሲያካፍል ለአንድ ክሮሞዞም በአማካይ 2.2 ፒኮግራም ይደርሰዋል። ጤፍ 1.5ን ለ40 ስታካፍል 0.04 እንኳ አይሞላም። አንድ ፒኮግራም 978 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ፊደላት ጥንድ) ስለሆነ፣ አንድ የባቄላ ክሮሞዞም በአማካይ ከ2 ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ በላይ፣ አንድ የጤፍ ክሮሞዞም ደግሞ 37 ሚሊዮን ያህል ነው። ልዩነቱ ስድሳ እጥፍ ገደማ ነው። ማይክሮስኮፕ ስር ግን ስድሳ እጥፍ ርዝመት አታዪም፤ ልዩነቱ በርዝመትም በውፍረትም ተከፋፍሎ ነው የሚታይሽ። የሁለቱን ርዝመት ብቻ በሠንጠረዥ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ልዩነቱን እጅግ አሳንሰሽ ታሳዪናለሽ።

ቁጥርና መጠን ምን ያህል እንደሚለያዩ ጫፍ የወጣ ምሳሌ ከፈለግሽ ኦፊዮግሎሰም የሚባል የፈርን ወገን አለ፣ አንዱ ዝርያው በአንድ ሴል ከ1,200 በላይ ክሮሞዞም ተቆጥሮለታል። በሌላው ጫፍ አራት ክሮሞዞም ብቻ ይዘው የሚኖሩ አበባ ያላቸው ዕፅዋት አሉ።

ሌላም ስውር ስህተት ጥያቄሽ ውስጥ ይሸታል፦ ትልቅ ክሮሞዞም ማለት ብዙ ጂን ማለት ነው የሚለው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የባቄላ ጂኖም ወደ 34 ሺህ ጂኖች ነው ያገኘው። የጤፍ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም ወደ 68 ሺህ ጂኖች ተቆጥረዋል። በዲኤንኤ ብዛት አሥራ ስምንት እጥፍ የምታንሰው ጤፍ በጂን ብዛት እጥፍ ናት። ጤፍ አራት የክሮሞዞም ስብስብ ያላት፣ ማለትም የሁለት ቅድመ አያቶችን ጂኖም አንድ ላይ የተሸከመች ስለሆነች ጂኖቿ በአብዛኛው በጥንድ ናቸው። ባቄላን ያገዘፈው ደግሞ ራሱን እየገለበጠ ጂኖሙ ውስጥ ሲሰገሰግ የኖረ ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ነው፤ ከጂኖሙ ሦስት አራተኛ በላይ የሱ ነው። ስንዴም እንዲሁ ነች። 3ቢ የሚባለው የስንዴ ክሮሞዞም ብቻውን አንድ ቢሊዮን ቤዝ ጥንድ ገደማ ነው፣ ከሩዝ ሙሉ ጂኖም በእጥፍ ይበልጣል።

ለባቄላዎችሽ ወደተናገርሽው 15 በመቶ ስንመለስ፣ እስቲ በዲኤንኤ ተርጉሚው። የ27 ፒኮግራም 15 በመቶ 4 ፒኮግራም ነው። ይህ ማለት አንዱ ባቄላ ከሌላው ከሁለት ተኩል በሚበልጥ የጤፍ ኒውክሊየስ ያህል ይበልጣል እያልሽ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ ቢዳቀሉ በሚዋለዱ ባቄላዎች መካከል። እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አይሆንም አልልም፤ በበቆሎ ውስጥ እውነተኛ ልዩነት አለ፣ ምክንያቱም ክሮሞዞሙ ላይ ያሉት እብጠቶች ብዛትና ተጨማሪዎቹ ቢ ክሮሞዞሞች ከመስመር መስመር ይለያያሉ። ግን ጠንካራ ማስረጃ ይጠይቃል። የዚህን ሙያ ታሪክ እወቂ፦ በአተርና በአኩሪ አተር ውስጥ በአንድ ዝርያ መካከል ትልቅ የዲኤንኤ ልዩነት አለ ተብሎ በተደጋጋሚ ታትሞ ነበር። የቪየናው ዮሐን ግራይልሁበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመልሰው ሲለኩት ልዩነቱ ጠፋ። አብዛኛው የቀለምና የአዘገጃጀት ስህተት ነበር። አንቺ የገባሽበት ጉድጓድ ያው ነው፣ ብቻሽን አይደለሽም።

የፍሬ ትልቅነትን ከዚህ አውጪው። በአንድ ዝርያ ውስጥ የፍሬ መጠን የጂኖች ሥራ ነው። ባቄላ ውስጥ ከደቃቁ እስከ ጠፍጣፋው ትልቅ ፍሬ ድረስ ሁሉም ያው 12 ክሮሞዞም ነው ያለው።

ታዲያ የለካሽው ሁሉ ከንቱ ነው? አይደለም። ማይክሮሜትሩን ለማወዳደሪያ አትጠቀሚበት እንጂ ከሱ የሚወጡት ሬሾዎች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው አንጻራዊ ርዝመት ነው፦ የእያንዳንዱን ክሮሞዞም ርዝመት በዚያው ሴል ውስጥ ባሉት ክሮሞዞሞች ጠቅላላ ርዝመት አካፍዪና በመቶኛ ጻፊው። ሴሉ ጠብቆም ይሁን ላልቶ የተጠቀለለ፣ መቶኛው ብዙም አይናወጥም። ብዙም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የክሮሞዞም ክፍሎች ሁሉ በእኩል ፍጥነት አይጠቀለሉም፣ ስለዚህ እዚህም ላይ እጅግ የጠበቁትን ሴሎች ተዪአቸው። ሁለተኛው የክንዶች ሬሾ ነው፣ ረጅሙ ክንድ ሲካፈል ለአጭሩ። ለዚህ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1964 ሌቫንና ባልደረቦቹ ያወጡት ምደባ ነው፦ እስከ 1.7 ሴንትሮሜሩ መሃል፣ ከ1.7 እስከ 3 ወደ መሃል የቀረበ፣ ከ3 እስከ 7 ወደ ጫፍ የተጠጋ፣ ከዚያ በላይ ጫፍ ላይ።

ባቄላ ለዚህ ደግ ተክል ነች፣ ግን ሁለት ወጥመድ አላት። አንድ ጥንድ ክሮሞዞሟ ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ትልቅ ስለሆነ ማንም አይስተውም። እሱ ላይ ግን ከሴንትሮሜሩ ሌላ ሁለተኛ መቀነቻ (የቀጠነ ቦታ) አለ፣ የራይቦዞም ጂኖች ያሉበት፣ ከሱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሳተላይት የሚባለው ቁራጭ። ስትጫኚው ያ መቀነቻ ይለጠጣል፤ አንዳንዴም ሳተላይቱ ተገንጥሎ የራሱ ክሮሞዞም መስሎ ይታያል፣ ሴሉን ስትቆጥሪ 13 ወይም 14 አገኘሁ ትያለሽ። የተለጠጠውን ክር አብረሽ ትለኪያለሽ ወይስ ትተዪዋለሽ? ሁለቱም ይሄዳል፣ ግን አንዱን ምረጪና ለሁሉም ሴል አንድ አይነት አድርጊ፣ የመረጥሽውንም ጻፊው። ሁለተኛው ወጥመድ የተቀሩት አምስት ጥንዶች ናቸው። ሁሉም ሴንትሮሜራቸው ወደ ጫፍ ነው፣ ርዝመታቸውም ይቀራረባል። በተራ ቀለም ይህ ሦስተኛው ነው፣ ይህ አራተኛው ነው እያልሽ ደረጃ ብትሰጪ ራስሽን ነው የምታታልዪው። ለመለየት ክሮሞዞሙን መስመር በመስመር የሚያቀልም የጊምሳ ባንድ ወይም የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍልን የሚያበራ ፊሽ ያስፈልጋል። ያ ከሌለሽ አምስቱን እንደ አንድ ቡድን አቅርቢያቸው፣ ማንም አይነቅፍሽም።

ጤፍ ላይ ግን የክንድ ሬሾ አትሞክሪ። የብርሃን ማይክሮስኮፕ፣ ባለ 100 ኢመርሽን ሌንሱም ቢሆን፣ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች ያለውን ሁለት ነጥብ አይለይም። ከ10 ማይክሮሜትር በላይ ለሚረዝም የባቄላ ክሮሞዞም ይህ ምንም አይደለም። አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ለሆነው የጤፍ ክሮሞዞም ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ ስህተት ነው፣ አጭሩ ክንዱ ላይ ሲሆንማ የለካሽው ክንዱን ይሁን የብርሃኑን ብዥታ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ከነጥብ በኋላ ሦስት ቁጥር ስለሰጠሽ አትሸወጂ። ጤፍን የግድ በክሮሞዞም ደረጃ ማየት ካለብሽ መንገዱ ከአበባው እምቡጥ ውስጥ ፓኪቲንን፣ ማለትም የወሲብ ሴሎች ሲሠሩ የሚታየውን አንድ የክፍፍል ደረጃ፣ መፈለግ ነው፤ እዚያ ክሮሞዞሙ ገና በደንብ ስላልተጠቀለለ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ግን ለዚህ እጅ ያስፈልጋል፣ እምቡጧም ደቃቅ ናት። ለማስተርስ ጊዜሽ አልመክርሽም።

ስለ መለኪያው በአጭሩ። ኢሜጅጄ የሚባለው የፎቶ መለኪያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ ይበቃሻል። ስኬሉን በስላይድ ማይክሮሜትር፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው የካሜራ ጥራት አስተካክዪ። ፎቶውን ካነሳሽ በኋላ መጠኑን ከቀነስሽው ወይም በቴሌግራም ልከሽ መልሰሽ ካወረድሽው ስኬሉ ጠፍቷል። ስልክ አይፒስ ላይ ደግነሽ የምታነሺው ፎቶ ለማሳየት እንጂ ለመለካት አይሆንም፣ ዙሙ በየጊዜው ይለያያል። የታጠፈውን ክሮሞዞም በቀጥታ መስመር አትለኪ፣ መሃል ለመሃሉ እየተከተልሽ ነው። ቀና ብሎ የቆመ ክሮሞዞም አጭር መስሎ ስለሚታይ እንዲህ ያለውን ሴል ዝለዪው። እየለካሽ ሳለ ፎቶው የየትኛው ባቄላ እንደሆነ ባታውቂ ይመረጣል፤ ጓደኛሽ ፋይሎቹን በኮድ ትሰይምልሽ።

ስታትስቲክሱ ላይ የሚበዛው ስህተት ከአንድ ሴል 12 ክሮሞዞም ለክቶ ናሙናዬ 12 ነው ማለት ነው። ናሙናሽ ተክሉ ነው። ከእያንዳንዱ የባቄላ ዓይነት ቢያንስ አምስት ተክል፣ ከእያንዳንዱ ተክል አምስት ያህል ንጹህ ሴል ውሰጂ፣ ትንተናው ላይም ሴሉ በተክሉ ውስጥ፣ ተክሉ በባቄላው ዓይነት ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጊ። 120 ክሮሞዞም ለክቼ ልዩነቱ ጉልህ ሆነ የሚል ጽሑፍ ለግምገማ ቢመጣልኝ ከመጀመሪያው ገጽ ነው የምመልሰው።

የዲኤንኤ መጠን ነው ጥያቄዬ ካልሽ ደግሞ መሣሪያው ሌላ ነው፣ ፍሎው ሳይቶሜትር። ለጋ ቅጠል በምላጭ ቡፈር ውስጥ ትከትፊያለሽ፣ ታጣሪያለሽ፣ ዲኤንኤን የሚያቀልመውን ፕሮፒዲየም አዮዳይድና አርኤንኤውን የሚበላ ኤንዛይም ትጨምሪያለሽ፣ ማሽኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውክሊየሶችን አንድ በአንድ ያነባል። አብሮ የሚከተፍ፣ መጠኑ የታወቀ መለኪያ ተክል ግዴታ ነው። ለባቄላ ሲቲራድ የሚባለው አተር፣ 9.09 ፒኮግራም፣ ይስማማል። ዳፒ የሚባለውን ቀለም ለዚህ አትጠቀሚ፤ ኤ እና ቲ የሚባሉት ፊደላት የበዙበትን ዲኤንኤ እየመረጠ ስለሚይዝ ትክክለኛ መጠን አይሰጥም። የባቄላ ቅጠል ደግሞ ቀለሙን የሚያውኩ ፌኖሎች አሉት፣ ቡፈሩ ውስጥ እነሱን የሚይዘውን ፒቪፒ ጨምሪበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ይህ ነው፦ የሁለቱን ባቄላ ቅጠል አንድ ላይ ከትፊና በአንድ ጊዜ አንብቢ። የ15 በመቶው ልዩነት እውነት ከሆነ በንባቡ ግራፍ ላይ ሁለት የተለያዩ ጫፎች ይወጣሉ። አንድ ጫፍ ብቻ ከወጣ ጉዳዩ ተዘግቷል። ይህን ፈተና ያላለፈ በአንድ ዝርያ ውስጥ የጂኖም መጠን ልዩነት አገኘሁ የሚል ጽሑፍ እኔ አላምንም።

ማሽኑ ግቢያችን የለም ትዪኝ ይሆናል። ከባዮሎጂ ክፍሉ ወጣ ብለሽ የሕክምና ምርምር ላብራቶሪዎችን ጠይቂ። 488 ናኖሜትር ሌዘር ያለው ማንኛውም የምርምር ሳይቶሜትር ፕሮፒዲየም አዮዳይድን ያነባል። ለሲዲ4 (ለኤችአይቪ ክትትል የሚቆጠረው የደም ሴል) ቆጠራ ብቻ የተሠሩት ትንንሾቹ ግን አይሆኑሽም። ማሽኑ ያላቸው ሰዎች የተከተፈ ቅጠል ቱቦ ይደፍንብናል ብለው ይሰጋሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ በ30 ወይም 40 ማይክሮሜትር ወንፊት አጣርተሽ ሂጂ። ዘሩን ውጭ አገር ልኬ ላስለካ ካልሽ ደግሞ አገር በቀል ዘር ነውና በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልግሻል። ቢሮክራሲው ያሰለቻል፣ ግን በፖስታ ደብቀሽ እንዳትልኪ፤ ችግሩ ለአንቺም ለተቀባዩም ይተርፋል።

እንግዲህ በአንቺ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። የቀድሞዎቹን ስላይዶች ለሠንጠረዥ አልጠቀምባቸውም። የሁለቱንም ባቄላ ዘር በአንድ ቀን አበቅላለሁ፣ ሥሮቹን በአንድ ሰዓት እቆርጣለሁ፣ እንደ ኮልቺሲን ሴሉን በሚገታው 8-ሃይድሮክሲኪኖሊን፣ በአንድ ጠርሙስ፣ ለአንድ አይነት ሰዓት እነክራቸዋለሁ። ኮልቺሲኑን ትቼዋለሁ፤ መርዝ ነው፣ የሴንትሮሜሩንና የመቀነቻውን ቦታ አጥርቶ ለማሳየትም ኪኖሊኑ ይሻላል። ኮልቺሲኑን ከተጠቀምሽበት ግን ያለ ጓንት አትንኪው። የጥናቱን ርዕስ ከጂኖም መጠን ወደ ካርዮታይፕ (የክሮሞዞሞቹ ቁጥርና ቅርጽ) እቀይረዋለሁ፣ አንጻራዊ ርዝመትና የክንድ ሬሾ ብቻ አቀርባለሁ፣ ማይክሮሜትሩን ከአዘገጃጀቱ ጋር ለመረጃ ያህል አስቀምጬ በሱ ላይ ምንም መደምደሚያ አልገነባም። የሳይቶሜትር ንባብ ካገኘሁ አንድ ምዕራፍ ይሆናል፣ ካላገኘሁ ስለ ዲኤንኤ መጠን አንድ ዓረፍተ ነገር አልጽፍም። ለአማካሪሽ ደግሞ የባቄላንና የጤፍን ንጽጽር በክሮሞዞም ርዝመት ሳይሆን ከላይ ባደረግነው ስሌት፣ በፒኮግራም ለክሮሞዞም፣ አሳዪአቸው። ቢከራከሩሽ የሁለቱን ፎቶ በአንድ ስኬል ጎን ለጎን አትመሽ ስጫቸው።